ከታችኛው ብረት ሥር

አንጓች ደባርቅ ሄደች፣ አጎቷ ሞቶባት፤
ሐሙስ ልትመለስ፣ እኔ ቤት ልጠብቅላት።
ወሩ ፍልሰታ ነው፤ ዝናቡ አያባራም፤
ጾም ላይ ዓሣ ቢሏት እሷ አትራራም።
እኔ ግን ጡረተኛ፣ የጂኦግራፊ መምህር፣
ሠላሳ ዓመት ጣናን በጠመኔ ስዘረዝር፣
የጎርጎራው ነጋዴ በሳፋ ተሸክሞ
«ቆሮሶ!» ሲል ሰማሁት ከአጥራችን ሥር ቆሞ።
ገዛሁ። ምን ይደረግ።

ሁለቱን ከሽንኩርት፣ ከቃሪያ ጋር አጋድሜ
ኦቨን ውስጥ ከተትሁ፣ ሰዓት አይቼ ቆሜ።
ገና ሳይሞቅ፣ ገና፣ መብራት ሄደ፤ ጭልም።
መብራት ሲሄድ ደግሞ ማጥፊያው ትዝ አይልም፤
ጃንጥላዬን ይዤ ወጣሁ ወደ አራዳ፣
ዳማ ልጫወት ብዬ ከቢተው ሱቅ ዘንዳ።
መብራቱ መጥቷል ለካ፣ እኔ ንጉሥ ሳነግሥ፤
ዓሣው ከሰል ሆኖ፣ ጢሱ በበር ሲገሠግሥ።

ስመለስ ትርንጎ አፍንጫዋን በኩታ
ሸፍና ቆማለች፣ ጢሱን አፍጥጣ አይታ።
«መምህር!» አለችኝ፣ «ጎማ ነው? ጫማ ነው?»
«ድንች ነው» አልኋት። (የት ድንች ክንፍ አለው?)

ማክሰኞን በሙሉ ፈተግሁ በአመድ፣
በኦሞ፣ በሽቦ፣ እጄ እስኪላጥ በግድ።
ከአንገረብ ውኃ ቢመጣ በስምንት ቀን አንዴ፣
የመጣውን ጨረስሁት፣ ታጠበበት ጉዴ።
ሽታው ግን ወይ ፍንክች!

ባጃጅ ነጂው ሰጠኝ «ሎሚ ቀቅልበት
ከነልጣጩ» አለ፤ ደርዘን ገዛሁበት።
ኑረዲን፣ ያዲስ ዓለሙ ፋርማሲስት፣ ቀስ ብሎ
«አቼቶና ሶዳ» አለኝ፣ በወረቀት ጠቅልሎ።
ትርንጎ ራሷ፣ ድንቹን ያላመነች፣
ሳህን ሙሉ ከሰል በአጥር አቀበለች፤
«አሳድርበት» አለች፣ «ሽታ ይጠጣል ከሰል»፤
ዞር ብላ ደግሞ «የድንችም ቢሆን» ስትል።

ሎሚው ሎሚ ሸተተ፤ ከሥሩ ሌላ አለ።
አቼቶው ፈልቶ በነነ፤ ሌላው እንዳለ አለ።
ከሰሉም አድሮ ወጣ፤ ሌላው አልቀለለ።
ዓሣ አይደለም ይኼ፤ ዓሣ እንዲህ አይመርም፤
ጥርስ ላይ ይጣበቃል፤ ቢጉመጠመጡት አይሽርም።
ረቡዕ ሌሊት በሩን ከፍቼ፣ ወንበር ስቤ
ፊት ለፊቱ ተቀመጥሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ፤
በድንበር እንደ ተካሰሰ ባላጋራ
እሱና እኔ ተያየን፣ ጎሕ እስኪቀድ ከጋራ።

ሐሙስ። አንጓች ገባች። ጫማዋን ሳትፈታ
ቆማ አየር ሳበች፣ አንዴ፣ በዝግታ።
«ሎሚ?» አለች። ዝም አልሁ። «አቼቶስ?» ዝም አልሁ።
«ዓሣ ነው፣ በጾም ነው፣ ቆሮሶ ነው» አልሁ።

ይመጣል ያልሁት ቁጣ ሳይመጣ ቀረና
ወለሉ ላይ ቁጭ አለች፣ ነጠላዋን ጣለችና፤
ታችኛውን ብረት፣ እኔ ያልነካሁትን፣
የሚነቀል መሆኑን ከቶ ያላወቅሁትን፣
ብሎኑን ፈታችው በቢላ ጫፍ። ከሥሩ
ጥቁር ሙጫ የመሰለ ፌስታል፣ ቀልጦ ከነብሩ።

«የእቁቤ ነው» አለች፣ «ያምና፤ ለፋሲካ
ድፎ ስጋግር ረሳሁ፤ ከሥሩ ነበር ለካ።
አራት ሺህ ብር ሙሉ። ምን ብዬ ልንገርህ?
ስትቀምሰው መረረህ፤ ወፍጮውን ወቀስህ።»

ትዝ አለኝ። ያን ድፎ በወረቀት ጠቅልዬ
ጓንጉል ወፍጮ ቤት ሄጄ «እንካ ብላ!» ብዬ
በሰው ፊት ጮኽሁበት፣ «ናፍጣ ነው ዱቄትህ» ስል፤
ሰውዬው አንገት ደፍቶ «ይቅርታ ጋሼ» ሲል።
ከዚያ ወዲህ ደጁን አልፌ ነው የምሄድ፣
ሌላ ወፍጮ ፍለጋ፣ የሳሙና በር መንገድ።

ቢላ ለሷ፣ ማንኪያ ለኔ፤ ፋቅን፣ ፋቅን፣ ፋቅን።
የአንዷ መቶ ብር ጥግ ተርፋ ብናያት ሳቅን።
መብራት ሄደ ደግሞ።
«ማጥፊያውን!» አለችኝ። ዘወርሁት።
በሻማ ቀጠልን። ሽታው ሳሳ እንጂ አልጠፋም፤
የኦቨኑን በር ከፍተን ተኛን። ዝናብ አላካፋም።

ነገ ጠዋት ወርጄ ጓንጉል ወፍጮ ቤት
ምን እንደምለው እንጃ፣ ቆሜ ፊት ለፊት።
አንድ ቁና ስንዴ ልያዝ? «አስፈጭ መጣሁ» ልበል?
አንጓች ከእንቅልፏ መሃል፣ ፊቷን ሳትመልስልኝ እንኳ፦
«ሁለት ቁና ውሰድ። ሰልፉ ሲሞላ ቅረብ።»